የአጥሩን ግማሽ ማን ይክፈል?

ገበያ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን መርካቶ ነው። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ቆመው ዋጋ ይጠራሉ፣ ይከራከራሉ፤ ካልተስማሙ ገዢው ፊቱን ወደሚቀጥለው ሱቅ ያዞራል፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። በከተሞቻችን ውስጥ ግን ተከራካሪዎቹ ወደየትም መሄድ የማይችሉበት አንድ ገበያ አለ። እሱም በሁለት ግቢዎች መካከል የሚቆመው የወሰን አጥር ገበያ ነው። ጎረቤትን አማርጦ የሚሸምት የለም። በዚህ ገበያ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ማንኛቸው ሻጭ፣ ማንኛቸው ገዢ እንደሆኑም በቅጡ አይለይም። ስለዚህ ዋጋው የሚወሰነው በአቅርቦትና በፍላጎት ሳይሆን በጉልበት፣ በይሉኝታ ወይም በኩርፊያ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለአንድ ቀላል ደንብ ነው። ለሁለቱም ግቢ የሚበቃው ተራ አጥር ወጪው እኩል ይከፈል፤ ከዚያ በላይ ያለውን የፈለገው ሰው ይክፈል፤ ስምምነቱም የመጀመሪያው ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት በጽሑፍ ይስፈር። «ግማሽ ግማሽ» የሚለው የተለመደ አባባል ፍትሐዊ ቢመስልም፣ የምን ግማሽ እንደሆነ ካልተነገረ አቅም የሌለውን ጎረቤት ያስጨንቃል። «የሠራው ራሱ ይክፈል» የሚለውም ቢሆን ብልጡን ሸልሞ ታታሪውን ይቀጣል።

ሁለት ፊት ያለው ዕቃ

አጥር ከሌላው ሸቀጥ የሚለየው ሁለት ፊት ያለው በመሆኑ ነው። አንድ ሰው ወንበር ቢገዛ የሚቀመጥበት እሱ ነው። አጥር ቢያቆም ግን በወዲህ በኩል ለራሱ ግቢ፣ በወዲያ በኩል ለጎረቤቱ ግቢ ያገለግላል። ጎረቤቱ ሰባራ ሳንቲም ባያወጣም ከሌባና ከሰው ዓይን ይጠበቃል፤ የጎረቤት ውሻና ዶሮም አይገባበትም። ኢኮኖሚስቶች ይህንን ዓይነቱን ሰው «ፍሪ ራይደር» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ሳይከፍል የሚሳፈር ማለት ነው።

ሁለቱም ጎረቤቶች ይህንን ስለሚያውቁ ሁለቱም ይጠብቃሉ። «እሱ ቢቸግረው ያሠራዋል» ይላል አንዱ። ሌላውም እንዲሁ ይላል። ከዚህ ጥበቃ የሚወለዱት ውጤቶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም በየሰፈሩ ማየት ይቻላል።

አንደኛው፣ አጥሩ እስኪወድቅ ድረስ ማንም አይነካውም። የባሕር ዛፉ አጠና ከሥሩ ይበሰብሳል፤ ቆርቆሮው ይዝጋል፤ በክረምት ነፋስ ይገነጠላል። በትንሽ ወጪ ሊጠገን ይችል የነበረው ነገር እንደ አዲስ የሚሠራ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ ከጎረቤቱ ጋር መነጋገሩን የጠላ ሰው በራሱ ክልል ውስጥ የራሱን ግንብ ያቆማል። ከዓመታት በኋላ ያኛውም የራሱን ያቆማል። ሁለት ግንቦች ጀርባና ጀርባ ተያይዘው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ቆሻሻ የሚጠራቀምበት፣ አይጥ የሚራባበት ክፍተት ይቀራል። አንዱ ይበቃ በነበረበት ቦታ ሁለት መሠረት ተቆፍሯል፣ የሁለት ግንብ ሲሚንቶ ፈሷል፣ ለሁለት ግንበኞች ተከፍሏል። ይህ ለቤተሰብም ለአገርም ኪሳራ ነው።

ሦስተኛው፣ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይደገፋል። ግንቡ ከቆመ በኋላ ጎረቤት ሆዬ ሰርቪስ ቤት መሥራት ያምረዋል። ሦስት ግድግዳ ብቻ ይሠራና አራተኛውን ከጎረቤቱ ግንብ ላይ ያገኛል። የጣሪያውን ወራጅ በግንቡ ላይ ያሳርፋል፤ አሸንዳ ስለማያደርግለትም የዝናቡ ውሃ ወደ ባለግንቡ ግቢ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጠብ እንጂ ሰላምታ አይደለም።

ነገሩ ዛሬ ለምን ከበደ?

አጥር ድሮም ወጪ ነበረው። ዛሬ ግን ወጪው የዶላርን መንገድ ይከተላል። የቆርቆሮ ፋብሪካዎች የሚጠቀልሉት ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚገባ ነው። የፌሮ ብረትም እንዲሁ በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ግብዓት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ለውጡ የባንክ መስኮት ብቻ ጉዳይ አልነበረም፤ ለአጥር ቆርቆሮ ሊገዛ የወጣውንም ሰው የሚመለከት ነበር። ሲሚንቶው የአገር ውስጥ ምርት ቢሆንም የሚጓጓዘው በነዳጅ ነው፤ አሸዋውና ድንጋዩም እንዲሁ።

ወጪው በጨመረ ቁጥር ሁለት ነገር ይከሰታል። ተካፍሎ መሥራት የሚያስገኘው ጥቅም ያድጋል፤ ተካፍሎ ለመሥራት መስማማት ግን ይከብዳል። ሁለቱም ወገኖች ከኪሳቸው የሚወጣው ገንዘብ በዛ ማለት እያንዳንዷ ሜትር ትጠየቃለች ማለት ነው። ለዚህ ነው በዘልማድ ስንፈታው የኖርነው ጉዳይ ዛሬ ደንብ የሚያስፈልገው።

ከብት አርቢውና ገበሬው

አጥር በኢኮኖሚክስ ትምህርት ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው ቢባል አንባቢ ይገረም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1991 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሮናልድ ኮዝ በ1960 ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፋቸው ያነሱት ምሳሌ የአንድ ከብት አርቢና የአንድ ገበሬ ጉርብትና ነው። ከብቶቹ እየገቡ እህል ያበላሻሉ። እንደ ምሳሌው አጥር በዓመት 9 ዶላር ይፈጃል፤ የአንድ ቶን እህል ዋጋ ደግሞ 1 ዶላር ነው። ሦስት ከብቶች የሚያጠፉት 6 ቶን፣ አራት ከብቶች የሚያጠፉት 10 ቶን ነው። በሦስት ከብት አጥሩ አያዋጣም፤ በአራት ያዋጣል። የኮዝ ነጥብ መነጋገር ምንም ወጪ ባይኖረው ኖሮ ሕጉ ማንንም ተጠያቂ ቢያደርግ ሁለቱ ተደራድረው ወደሚያዋጣው ውሳኔ ይደርሱ ነበር የሚል ነው። እሳቸው ራሳቸው አበክረው የተናገሩት ግን በእውነተኛው ዓለም መነጋገር ወጪ እንዳለው ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ጥርጣሬ አለበት፣ ኩራትም ይገባበታል።

ሮበርት ኤሊክሰን የተባሉ አሜሪካዊ የሕግ ምሁር ይህንኑ ለማየት ወደ ሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ሻስታ ወደተባለው አውራጃ ሄዱ። ያገኙትንም እ.ኤ.አ. በ1991 በመጽሐፍ አሳተሙ። የሻስታ ከብት አርቢዎች ሕጉን በቅጡ አያውቁትም ነበር። ቢሆንም የወሰን አጥራቸውን ወጪ ይካፈሉ ነበር። ሁለቱም ተቀራራቢ የከብት ቁጥር ካላቸው እኩል ይከፍላሉ፤ የአንደኛው ከብት ከሌላው በጣም ከበዛ የእሱም ክፍያ በዚያው ልክ ይበዛል። አንዱ ዕቃውን ሲያቀርብ ሌላው ጉልበቱን የሚያዋጣበትም ጊዜ ነበር። ጎረቤቶቹ ነገም ከነገ ወዲያም የሚገናኙ በመሆናቸው ዛሬ ማጭበርበር አላዋጣቸውም።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ደቦና ወንፈል፣ ዕቁብና እድር ያለው ሕዝብ ተራ ጠብቆ መረዳዳትን ከማንም አይማርም። የጎደለን መረዳዳቱ ሳይሆን ስሌቱ ነው።

ጡረተኛውና ባለፎቁ

አሁን በየሰፈሩ ወደሚታየው ችግር እንምጣ። በአንድ በኩል ለአርባ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግለው በጡረታ የሚኖሩ አዛውንት አሉ። ግቢያቸው በቆርቆሮ የታጠረ ነው። በሌላ በኩል አጠገባቸው ያለውን አሮጌ ቤት ገዝቶ ያፈረሰና ፎቅ የጀመረ ባለሀብት አለ። ባለሀብቱ ፎቁን የሚመጥን ግንብ፣ በላዩም የእሾህ ሽቦ ይፈልጋል። አንድ ቀን በር ያንኳኳና «አባባ፣ ወሰኑ የጋራችን ስለሆነ ግማሹን እርስዎ ይችላሉ» ይላል። አዛውንቱም «ልጄ፣ የእኔ ቆርቆሮ ምን ጎደለው?» ይላሉ።

ጥያቄያቸው ተራ ጥያቄ አይደለም፤ የጉዳዩ ቁልፍ ነው። በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የተወሰደ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። የጋራ ወሰናቸው 20 ሜትር ነው እንበል። ይህንን በቆርቆሮና በሞራሌ ለማጠር 60,000 ብር፣ በብሎኬት ለመገንባት ደግሞ 240,000 ብር ይፈጃል ብለን እንነሳ።

«ግማሽ ግማሽ» በሚለው አሠራር አዛውንቱ 120,000 ብር ይክፈሉ ሊባል ነው። ይህም ባልጠየቁት ዕቃ ላይ የተጣለባቸው ዕዳ ይሆናል። «የሠራው ይክፈል» ከተባለ ደግሞ ባለሀብቱ 240,000ውን ብቻውን ይከፍላል፤ አዛውንቱም ለቆርቆሯቸው ሊያወጡት ይችሉ የነበረውን ገንዘብ ያተርፋሉ። በእኛ ደንብ ግን ለሁለቱም የሚበቃው 60,000 ለሁለት ይከፈላል፤ የአዛውንቱ ድርሻ 30,000 ነው። የባለሀብቱ ድርሻ 30,000ውና ተጨማሪው 180,000 ተደምሮ 210,000 ብር ይሆናል። ባለሀብቱ ከእጁ 30,000 ተረፈለት፤ አዛውንቱም ቆርቆሮ ለመተካት ከሚያወጡት ሳንቲም ሳይጨምሩ የግንብ ጥበቃ አገኙ።

አንድ ነገር ደግሞ መታከል አለበት። የአዛውንቱ ቆርቆሮ ገና አምስት ዓመት የሚያገለግል ከሆነ 30,000ውን ዛሬ ይክፈሉ ማለት ተገቢ አይደለም። ወጪው የእሳቸው የሚሆነው ቆርቆሮው መተካት በሚገባው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ቸኩሎ ያፈረሰው ሰው ይጠብቅ፤ ወይም እሳቸው በሚችሉት መጠን በየወሩ ይክፈሉ። የፈረሰው ቆርቆሮና ሞራሌም የእሳቸው ንብረት ስለሆነ ሂሳብ ውስጥ ይግባ።

የሌሎች አገሮች ሕግ ምን ይላል?

ይህ ደንብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣችው የወሰን አጥር ሕግ ጎረቤታሞች ለበቂ አጥር እኩል እንዲከፍሉ፣ ከበቂ በላይ የሚፈልገው ግን ልዩነቱን ራሱ እንዲሸፍን ያዛል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ሁለቱም ጎረቤቶች ከአጥሩ እኩል እንደሚጠቀሙ ይገመታል፤ ሊያሠራ ያሰበው ሰው ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ወጪው ለጎረቤቱ ከአቅም በላይ ከሆነ ወይም ከአሠሪው የግል ምርጫ የመጣ ቅንጦት ከሆነ ዳኛው ድርሻውን ሊቀንስ ይችላል።

የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከ1804 ጀምሮ በከተማ የሚኖር ሰው ጎረቤቱ የጋራውን አጥር ለመሥራትና ለመጠገን እንዲያዋጣ ሊያስገድደው እንደሚችል ይደነግጋል። በዚያው ሕግ ውስጥ ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅም አንድ ብልሃት አለ። መጀመሪያ ያልከፈለ ጎረቤት በኋላ በግንቡ መጠቀም ቢፈልግ የወጪውን ግማሽና ግንቡ ያረፈበትን መሬት ዋጋ ግማሽ ከፍሎ ባለድርሻ መሆን ይችላል። ሰርቪስ ቤቱን በሰው ግንብ ላይ ለሚያስደግፈው ጎረቤት ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። መደገፍ ይቻላል፤ በነፃ ግን አይሆንም።

በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ የጋራ ንብረት ያላቸው ሰዎች ድርሻቸው እኩል እንደሆነ ይገምታል። በቁጥር 1225 ደግሞ ባለሀብት በመብቱ ያለአግባብ እየተጠቀመ ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። ይሁንና የሰፈሩ ክርክር የሚነሳው አጥሩ የጋራ ከሆነ በኋላ ሳይሆን ከመሆኑ በፊት ነው። ማን ስንት አዋጣ፣ የማን ነው የሚለውን ሁለቱ ራሳቸው ካልጻፉት ፍርድ ቤት ለዓመታት ከሚፈልገው ይልቅ አንድ ሽማግሌ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቢጨርሰው ይቀላል።

የሕግ መንግሥቱ አንቀጽ 40ም መነሳት አለበት። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም በላዩ የተሠራው ንብረት የሠሪው ነው። አጥር ንብረት ነው። መሬቱ ለልማት ቢፈለግ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለንብረቱ ካሣ ይከፈላል። ያን ጊዜ ካሣው ለማን ይጻፍ? ወረቀት ከሌለ ትናንት «አጥሩ የእሱ ነው፣ አላዋጣም» ያለው ሰው «የጋራችን ነው» ብሎ ቀድሞ ይሰለፋል።

«ግን እኮ…» ለሚሉ

ጎረቤቱ እምቢ ቢልስ? ካርታ አስመርምሮ፣ ወሰኑን በመሐንዲስ አስለክቶ በራስ ክልል ውስጥ መሥራት ነው። ደረሰኞቹ ይቀመጡ። ጎረቤቱ ነገ ሊደገፍ ሲመጣ ሂሳቡ ይጠብቀዋል። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ ወዲህ ወሰን በአጥር ብቻ ሳይሆን በመዝገብም የሚታወቅበት መንገድ ተከፍቷል። ስለዚህ አጥርን ገፋ አድርጎ መሬት ማትረፍ ውሎ አድሮ ብልጠት አይሆንም።

ጎረቤቱ ምንም ከሌለውስ? ገንዘብ የሌለው ሰው ጉልበት፣ ጊዜ ወይም ቦታ ሊኖረው ይችላል። ሁለት ልጆቹ መሠረት ቢቆፍሩ፣ ግቢው የአሸዋና የብሎኬት ማራገፊያ ቢሆን፣ ሲሚንቶውን ሌሊት ቢያስጠብቅ ሁሉም ዋጋ አለው፤ በሂሳብ ይያዝለት። ምንም ሊያዋጣ ያልቻለውንም ቢሆን ማስጨነቅ አያዋጣም። ባለሀብቱ ፎቁን የሚጠብቅለት ግንቡ ብቻ አይደለም። ቀን ከቤት ሲወጣ በሩን የሚያይለት ያው ቆርቆሮ ቤት ያለው ጎረቤት ነው።

ከሁለቱ ግቢዎች አንዱ ጋራዥ፣ ወፍጮ ቤት ወይም ምግብ ቤት ከሆነስ? የሻስታ አርቢዎች መልስ ሰጥተዋል፤ ከብቱ የበዛበት ብዙ ይክፈል። ድምፁ፣ ጢሱና የሰው ግርግሩ የሚመጣው ከድርጅቱ ከሆነ አጥሩ ከተራ በላይ መሆን ያስፈለገው በድርጅቱ ምክንያት ነው። ተጨማሪው ወጪ የንግዱ ወጪ እንጂ የጎረቤቱ ዕዳ አይሆንም።

አንድ ገጽ ወረቀት

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ለአጥር የሚያስፈልገው ውል ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የሚከተሉት ነጥቦች ቢሰፍሩበት ይበቃል።

በመጀመሪያ፣ አጥሩ የሚያርፍበት መስመር። ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት በወሰኑ መካከል ላይ ቢያርፍ ከየግቢው 10 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል፤ የድንጋይ መሠረቱ ግን ከዚያ ሰፋ ይላል። ይህ ሳይነገር ቁፋሮ ከተጀመረ ጠቡ የሚጀምረው ከመሠረቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ተራው አጥር ምን እንደሆነና ተጨማሪው ምን እንደሆነ ተለይቶ፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ።

ሦስተኛ፣ ያልተከፈለ ድርሻ ካለ በብር ብቻ ሳይሆን በዕቃ መጠን ይጻፍ። ይህን ያህል ብሎኬት፣ ይህን ያህል ኩንታል ሲሚንቶ፣ ይህን ያህል የግንበኛ ቀን ቢባል ከአሥር ዓመት በኋላ ሂሳቡ ሲነሳ የዋጋ ንረት አይበላውም። ዛሬ በብር የተጻፈ ዕዳ በአሥር ዓመቱ የማስቲካ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ግንቡ ያረጀበት ደግሞ ይቀነሳል። 30 ዓመት ያገለግላል የተባለ ግንብ 10 ዓመት ካገለገለ የሚከፈለው የሁለት ሦስተኛው ግማሽ ነው።

አራተኛ፣ ጥገናው። በጋራ ያረጀው በጋራ፣ በአንዱ መኪና የተገጨው በገጪው ይጠገናል። ግንቡን ለመደገፍ፣ ከፍ ለማድረግ ወይም በላዩ ሽቦ ለመዘርጋት የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ የሁለቱም ፊርማና የሦስት ምስክሮች ስም። ቤቱ ሲሸጥም ወረቀቱ ከሌሎቹ ሰነዶች ጋር ለገዢው ይታይ። አዲሱ ገዢ ምን እንደገዛ ያውቃል፤ ነባሩ ጎረቤትም ክርክሩን ከእንደገና አይጀምርም።

ይህንን ወረቀት ለማዘጋጀት አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። እድሮቻችን ለቀብር ድንኳን መዝገብ ይይዛሉ፤ ለአጥር አንድ ቅጽ ማባዛት አያቅታቸውም። ወረዳዎችም የአጥር ፈቃድ ሲጠየቁ «ከአዋሳኝህ ጋር በወጪው ተነጋግረሃል ወይ?» ብለው ቢጠይቁና ቅጹን ቢሰጡ ከብዙ አቤቱታ ይድናሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ብሂል እውነት የሚሆነው ሂሳቡ ከተጣራ ነው። ክረምቱ ገብቶ አጠናው ከመውደቁ በፊት፣ አንድ ሜትርና አንድ ወረቀት ይዞ የጎረቤትን በር ማንኳኳት ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ በእጅጉ ይረክሳል።